የክረምት ልምምድ መቼ ይቁም? ማንስ ያቁመው?

ትምህርት ቤቶች በሰኔ ወር መጨረሻ ሲዘጉ በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የሚገኙ ሜዳዎች በታዳጊዎችና በወጣቶች ይሞላሉ። ተማሪው ከትምህርት የሚያርፈው፣ የመንደርና የቀበሌ ቡድኖች የሚሰባሰቡት፣ በተለያየ ደረጃ የሚወዳደሩ ክለቦችም ለመጪው ዓመት መዘጋጀት የሚጀምሩት በዚሁ ወቅት ነው። ሰማዩ ዶፉን የሚያወርደው፣ ነጎድጓዱም የሚያስገመግመው በዚያው ሰሞን ነው።

በዚህም ምክንያት ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ቡድኖች አየሩ በከፋበት ሰዓት በገላጣ ሜዳ ላይ ልምምድ ማድረግ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ለአሠልጣኙ ልምምድ ማቋረጥ ማለት የቡድኑን አቅም በገዛ እጁ ማዳከም ነው። ለወላጁ ደግሞ ልጁ ከደመና በታች፣ በባዶ ሜዳ መሐል ሲሮጥ መዋሉ እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚሉት እውነት አላቸው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። «መጥፎ አየር» በሚለው ስያሜ ሥር ካፊያ፣ ዶፍ፣ ጭቃ፣ ሐሩርና መብረቅ በአንድነት ተጠቃለዋል። የእያንዳንዳቸው አደጋ ግን የተለያየ ነው። ከእነዚህ መካከል ልምምድን ያለ ምንም ክርክር ሊያስቆም የሚገባው መብረቅ ነው። የቀሩት ሰዓትን፣ ቦታንና የልምምዱን ዓይነት በመለወጥ ሊታለፉ የሚችሉ ናቸው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ለይቶ ያላወቀ ቡድን ወይ ያለ ምክንያት ልምምዱን ይተዋል፤ ወይ ደግሞ ሊመለስ የማይችል ጥፋት ላይ ይወድቃል።

የዘመን አቆጣጠሩ አጣብቂኝ

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በምሥራቁና በደቡብ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ዝናብ በሁለት ወቅት ተከፋፍሎ ሲመጣ፣ በምዕራቡ ግን በአንድ ረጅም ወቅት ተከታትሎ ይወርዳል። ለአርሶ አደሩ ይህ በረከት ነው። በቆሎው፣ ማሽላው፣ ዳጉሳው፣ አኩሪ አተሩና ለውዙ የሚደርሰው በዚሁ ዝናብ ነው። ለእግር ኳስ ቡድን ግን የዓመቱ እኩሌታ እርጥብ ነው ማለት ነው።

የአገሪቱ የእግር ኳስ ውድድር ዘመን በአብዛኛው ክረምቱ ሲወጣ ተጀምሮ ክረምቱ ሲገባ የሚጠናቀቅ በመሆኑ ጨዋታዎቹ ከከባዱ ዝናብ በከፊል ያመልጣሉ። ዝግጅቱ ግን አያመልጥም። በመስከረም ወይም በጥቅምት ውድድር የሚጀምር ቡድን ዝግጅቱን በሐምሌና በነሐሴ መጀመር ይኖርበታል። የገንዘብ አቅም ያላቸው ትልልቅ ክለቦች በዚህ ጊዜ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ እየሄዱ ካምፕ ገብተው ይዘጋጃሉ። የወረዳና የከተማ ቡድን ይህን የማድረግ አቅም የለውም። ጣሪያ ያለው የልምምድ አዳራሽ ማግኘትም ለአብዛኛው ቡድን የሚታሰብ አይደለም።

«ዝናብ እስኪያባራ ልምምድ ይቅር» የሚለው ሐሳብ በአሶሳ ሁኔታ ሲመዘን ከአራት እስከ አምስት ወር ያለ ዝግጅት መቆየት ይሆናል። እንዲህ ያለ እረፍት ለተጫዋቹ ጤናም አይበጅም። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ በድንገት ወደ ሙሉ ፍጥነት የሚገባ ጡንቻ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ከዚህም በላይ ትምህርት በተዘጋበት ወቅት ሜዳው ለታዳጊው ከሱስና ከአልባሌ ቦታ መጠበቂያ ነው። ስለዚህ ልምምድን በጅምላ መከልከል መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ዝናብና መብረቅ አንድ አይደሉም

በዝናብ መጫወት በራሱ አደጋ አይደለም። በእግር ኳስ ታሪክ ስመ ጥር ከሆኑ ግጥሚያዎች ብዙዎቹ በዝናብ ውስጥ ተካሂደዋል። እርጥብ ሜዳ ላይ ኳስ መቆጣጠር ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ልምምድም ይፈልጋል። ተጫዋቹ ሰውነቱን አሟሙቆ ከጀመረ፣ በልምምዱ መሐል ረጅም ጊዜ ቆሞ ካልቀዘቀዘ፣ ሲጨርስም እርጥብ ልብሱን ቶሎ ከቀየረ ካፊያና መጠነኛ ዝናብ ልምምዱን የሚያስቀሩ አይደሉም።

መብረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። መብረቅ ከአካባቢው ከፍ ብሎ ወደሚታይ ነገር የማዘንበል ባሕርይ አለው። በገላጣ ሜዳ መሐል ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ ተጫዋቹ ነው። መብረቅ የግድ ሰውን በቀጥታ መምታት አይጠበቅበትም። ዛፍን ወይም መሬትን ሲመታ ኃይሉ በመሬቱ ላይ ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። በአንድ ምት ብዙ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የሚወድቁበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ይህ በወሬ ብቻ የሚሰማ ስጋት አይደለም። በጥቅምት 1991 ዓ.ም በዲሞክራቲክ ኮንጎ ካሳይ ግዛት በተካሄደ ግጥሚያ ላይ በወረደ መብረቅ የአንድ ቡድን 11 ተጫዋቾች መሞታቸውን በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች አስታውቀዋል። የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ከተማ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ የነበረ ተጫዋች በመብረቅ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል።

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም በፔሩ ቺልካ የደረሰው ነው። ዳኛው አየሩ መክፋቱን አይቶ ጨዋታውን አስቁሞ ነበር። ተጫዋቾቹ ከሜዳ ለመውጣት በእግራቸው እየተራመዱ ሳለ መብረቁ ወረደ። አንድ ተጫዋች ወዲያው ሞተ፤ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ሌሎችም ጉዳት ደረሰባቸው። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የተሰጠው ግን በደቂቃዎች ዘግይቶ ነው። መብረቅን በሚመለከት ዘግይቶ የተሰጠ ትክክለኛ ውሳኔ ካልተሰጠ ውሳኔ ብዙም አይሻልም።

ታዲያ «በጊዜው» ማለት መቼ ነው? ለዚህ ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ቀላል ስሌት አለ። ብልጭታው እንደታየ መቁጠር ይጀመራል፤ ነጎድጓዱ ሲሰማ ቆጠራው ይቆማል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ቆጠራው 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ ያለው በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ልምምዱ ወዲያውኑ ይቆማል። ወደ ሜዳ መመለስ የሚቻለው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። በመሐሉ አንድ ጊዜ እንኳ ነጎድጓድ ከተሰማ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ይህ አሠራር በዓለም አቀፍ የስፖርት መድረኮች የሚታወቅ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ መቁጠሩ ራሱ ቀርቶ ነጎድጓድ እንደተሰማ ሜዳ መልቀቅ ይመከራል። መብረቅ ዝናቡ ካለበት ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊወርድ ስለሚችል «ዝናቡ እኛ ጋ ገና አልደረሰም» የሚለው ማጽናኛ አያዋጣም።

ገንዘብና ዝና ያላቸው ቡድኖችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ በተካሄደው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ቼልሲና ቤንፊካ ሲጫወቱ፣ መደበኛው ሰዓት ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በመብረቅ ስጋት ጨዋታው ቆመ። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ተቀመጡ፤ ተመልካቹም መጠለያ እንዲገባ ተደረገ። የቼልሲ አሠልጣኝ በመቋረጡ ቅሬታቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ሆኖም ጨዋታው የቀጠለው አየሩ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች የሚጠብቀው ግጥሚያ ሁለት ሰዓት መቆም ከቻለ፣ የቀበሌ ቡድን የማክሰኞ ልምምድ ለግማሽ ሰዓት የማይቆምበት ምክንያት የለም።

ወዴት ይሸሻል?

በአሶሳና በክልሉ ወረዳዎች ከማቆሙ ይልቅ የሚከብደው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ልምምዱ ቆመ፤ ልጆቹ የት ይግቡ?

በብዙ ሜዳዎች ዳርቻ የሚገኘው ቅርብ መጠለያ ዛፍ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ ይህ ዛፍ ብዙ ጊዜ ማንጎ ነው። ቅጠሉ የተንዠረገገ በመሆኑ ከዝናብ ያስጠልላል፤ ከመብረቅ ግን አያድንም። እንዲያውም መብረቅ በዛፉ ግንድ ወርዶ አጠገቡ ወደ ቆመ ሰው ሊዘል ስለሚችል በነጎድጓድ ጊዜ ከዛፍ ሥር መቆም ከአደገኞቹ ሥፍራዎች በአንዱ ላይ መቆም ነው። ከሜዳው ሸሽቶ ከዛፍ ሥር መግባት «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ቀጥሎ የሚታሰበው ጎጆ ነው። በዚህም ረገድ ከጎረቤት አገር የተገኘው ትምህርት መራራ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም በሰሜን ምዕራብ ዩጋንዳ አሩዋ አካባቢ እግር ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ዝናብ ሲመጣባቸው ጨዋታቸውን አቋርጠው የሣር ክዳን ወዳለው ጎጆ ገቡ። መብረቁ ጎጆውን መታው፤ ከዘጠኝ የማያንሱ ልጆች ሞቱ። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመዋል፤ ሸሽተዋልም። ያጡት ደኅንነቱ የተጠበቀ መጠለያ ነው።

ቆርቆሮም በራሱ ዋስትና አይሆንም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በዚያው በሰሜን ዩጋንዳ በሚገኘው የፓላቤክ የስደተኞች መጠለያ ለጸሎት በተሰባሰቡ ሰዎች ላይ በወረደ መብረቅ 14 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። የተሰባሰቡት በቆርቆሮ በተሠራ ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ነበር። በአራት ቋሚ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ፣ ግድግዳ የሌለው የተመልካች መቀመጫና ዳስ ከዝናብ ያስጠልላሉ እንጂ መብረቅን ተቀብለው ወደ መሬት በሰላም የሚያወርዱበት መንገድ የላቸውም።

አስተማማኝ የሚባሉት መጠለያዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ግድግዳና ጣሪያው የተሟላ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውኃ ቧንቧ መስመር የተዘረጋለት ቋሚ ሕንፃ ነው። የውስጡ ሽቦና ቧንቧ ኃይሉን ወደ መሬት ለማውረድ ስለሚያግዙ፣ ውስጥ ያለው ሰው ከመስመሮቹ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ይተርፋል። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይህን ያሟላሉ። ሁለተኛው ጣሪያውና አካሉ ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ ተሽከርካሪ ነው። አውቶቡስ፣ ሚኒባስና የጭነት መኪና ጋቢና በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሸራ ለባሹ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌትና ክፍቱ የጭነት መኪና አካል ግን አይካተቱም።

ስለሆነም ሜዳ ሲመረጥ መጠለያውም አብሮ መመረጥ ይኖርበታል። ሁለት ሜዳ ያለው ቀበሌ በክረምት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነውን ቢመርጥ፣ የትምህርት ቤቱም አስተዳደር በልምምድ ሰዓት አንድ ክፍል ከፍቶ ቢያቆይ፣ ወጪው ከአንድ ቁልፍና ከአንድ ጥበቃ ትብብር አይበልጥም። ትምህርት ቤቶች በክረምት ባዶ መሆናቸው ነገሩን ያቀለዋል።

ጭቃው የሚያስከፍለው ዋጋ

ከመብረቅ ቀጥሎ ትኩረት የሚሻው ሜዳው ራሱ ነው። የአሶሳ ዙሪያ ቀይ አፈር ሲርስ የሚያዳልጥ ነው፤ በመተከል ቆላማ አካባቢዎች በየቦታው የሚገኘው ጥቁር አፈር ደግሞ ውኃ ይዞ ይቆያል፤ እግርንም ይይዛል። በሁለቱም ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይለያያል። በሚያዳልጠው አፈር ላይ ተጫዋቹ ይንሸራተትና ብሽሽቱን ወይም ታፋውን ይጎዳል። በሚይዘው አፈር ላይ እግሩ በጭቃው ተነክሮ ሰውነቱ ሲዞር ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ይጠመዘዛል። የጉልበት ጅማት መበጠስ የቀዶ ሕክምና ተቋም ሩቅ በሆነበት አካባቢ ለአንድ ታዳጊ የእግር ኳስ ሕይወቱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

በተለይ ባለ ጥርስ ጫማ የሌላቸው ልጆች የበለጠ ይጎዳሉ። በፕላስቲክ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ የሚሮጥ ታዳጊ በፍጥነት ዞሮ የመቆም አቅም የለውም። በጭቃ ውስጥ የተሸሸገ ስለት፣ ጠርሙስና እሾህም አይታየውም።

ሜዳውም ይጎዳል። አርሶ አደሩ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። ውኃ የጠገበ መሬት ላይ ከብት ካሰማራ አፈሩ እንደሚጠቀጠቅ፣ በጭቃነቱ ካረሰውም ሲደርቅ ጓል እንደሚሆን ያውቃል። የእግር ኳስ ሜዳም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ዶፍ የ22 ሰው እግር የረገጠው ሜዳ በኅዳር ሲደርቅ ጉድጓድና ጉብታ ይሆናል። በክረምት አንድ ቀን ልምምድ ለማትረፍ ሲባል የበጋው ውድድር የሚካሄድበት ሜዳ ይበላሻል።

በዚህ ጊዜ ልምምዱን መሰረዝ ሳይሆን መለወጥ ይቻላል። ሜዳው ውኃ ካቆረ፣ ኳስ ሲጣል የማይነጥርና ሲገፋ የማይሄድ ከሆነ፣ ያን ዕለት የግጥሚያ ልምምድ አይደረግም። በምትኩ በትምህርት ቤት በረንዳ ወይም በክፍል ውስጥ የጉልበት፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎች ይሠራሉ። በጠባብ ቦታ የኳስ ንክኪ ይለመዳል። የጨዋታ ሕግና ስልት በጥቁር ሰሌዳ ይብራራል።

ሐሩርና ወባ

መጥፎ አየር ዝናብ ብቻ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በኩርሙክ፣ በጉባና በሌሎችም ቆላማ ወረዳዎች ሙቀቱ ይበረታል። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ሙቀትንና የአየር እርጥበትን በአንድነት የሚለካው መለኪያ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ለተጫዋቾች የውኃ እረፍት እንዲሰጥ ይመክራል። በ2006 ዓ.ም በብራዚል በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ ፎርታሌዛ ላይ ሲጫወቱ ይህ እረፍት ተሰጥቷል። በቆላ ለሚለማመድ ቡድን መፍትሔው ከዚህም የቀለለ ነው። ልምምዱን ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ማድረግና ንጹሕ ውኃ ሜዳ ላይ ማኖር በቂ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መለማመድ ግን በክረምትና በመኸር ሌላ ዋጋ አለው። ዝናብ ያቆረው ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። ትንኟ ደግሞ መናከስ የምትጀምረው ምሽት ሲቃረብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። እጅና እግሩ ተጋልጦ እስኪጨልም ሜዳ ላይ የሚቆይ ተጫዋች በክልሉ አብዛኛው አካባቢ ለወባ የተጋለጠ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ልምምድ ከመጨለሙ በፊት መጠናቀቁ ለቡድኑ ጤና ወሳኝ ነው።

ማን ያቁመው?

በግጥሚያ ላይ ሥልጣኑ ግልጽ ነው። በእግር ኳስ የጨዋታ ሕግ ቁጥር 5 መሠረት ዳኛው ጨዋታውን ለጊዜው የማስቆም፣ የማቋረጥ ወይም ጨርሶ የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ልምምድ ላይ ግን ዳኛ የለም፤ የጨዋታ ታዛቢም የለም። ያለው አሠልጣኙ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ደግሞ ቡድኑን ለማዘጋጀት የተቻኮለ፣ ውጤት የሚጠየቅና ብዙ ጊዜም በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ነው። ደመና ሲጠቁር «ትንሽ እንጨርስ» ብሎ ማሰቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ችግሩ ሕግ ባለመኖሩ እያንዳንዱ ደመና አዲስ ክርክር መሆኑ ነው።

ከተጫዋቹም በኩል እንቅፋት አለ። በቡድን መሐል «ፈራሁ» ብሎ የሚወጣ ታዳጊ መሳለቂያ እንዳይሆን ይሰጋል፤ ከመጀመሪያው አሰላለፍ እንዳይቀነስም ይፈራል። ስለዚህ የማቆሙ ውሳኔ በማንም ድፍረት ወይም ፍርሃት ላይ መመሥረት የለበትም። አስቀድሞ የታወቀ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ነጎድጓድ ሲሰማ ፊሽካ ይነፋል፤ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ያለ ጥያቄ ወደ ተመረጠው ሕንፃ ይሄዳል። ፊሽካውን የመንፋት ሥልጣን ለአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን በሜዳው ዳር ለሚቀመጥ ሌላ ኃላፊነት ለተሰጠው ሰው ጭምር ቢሰጥ የበለጠ ይጠቅማል። ልምምዱን የሚመራው ሰው ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፤ ሰማዩን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

ይህን አሠራር ለመዘርጋት አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም። የወረዳና የከተማ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የክረምት ውድድሮችን ሲመዘግቡ እያንዳንዱ ቡድን አራት ነገሮችን እንዲያስታውቅ ማድረግ ይችላሉ፤ የልምምድ ሜዳውን፣ በአቅራቢያው ያለውን መጠለያ፣ ልምምድ የሚያስቆመውን ሰው ስምና የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቅ አንድ ሰው መኖሩን። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአየር ትንበያ መረጃም በሬዲዮ ሲነገር ለአርሶ አደሩ ብቻ ሳይሆን ለአሠልጣኞችም የዕለት መመሪያ ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያ ርዳታው ጉዳይ ተጨማሪ ማብራሪያ ይሻል። በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ስለሌለ የሚነካውን አይጎዳም። ብዙዎች ይህን ባለማወቃቸው ለመርዳት ይፈራሉ። በመብረቅ የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ልቡ በመቆሙ ነው። ስለዚህ ትንፋሹና የልቡ ምት የጠፋውን ተጎጂ ሳይዘገዩ ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ማገዝ፣ በዚያው ቅጽበትም ወደ ጤና ተቋም የሚወሰድበትን መንገድ ማመቻቸት ሕይወት ያተርፋል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከወደቀ ቅድሚያ የሚሰጠው ጸጥ ብሎ ለወደቀው ነው፤ የሚጮኸውና የሚያቃስተው እየተነፈሰ ነውና።

ሰዓቱን መለወጥ

ከሁሉም እርምጃዎች ርካሹና ብዙ አደጋ የሚያስቀረው የልምምዱን ሰዓት መለወጥ ነው። በክረምት ነጎድጓዳማ ዝናብ በብዛት የሚመጣው መሬቱ በፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ከቀትር እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ቡድኖች የሚለማመዱት ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። በትምህርት ወቅት ይህ የግድ ይሆናል፤ ተማሪው ከዚያ በፊት አይገኝም። ትምህርት በተዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ግን ልምምዱን ወደ ማለዳ ማምጣት ይቻላል።

ለከተማው ወጣት ይህ ቀላል ነው። ለአርሶ አደሩ ልጅ ግን ማለዳ የአረምና የከብት ጥበቃ ሰዓት ነው። በሐምሌ አረም የዘገየበት ማሳ ምርቱን እንደሚያጣ የታወቀ ነውና ወላጅ ልጁን በየቀኑ ማለዳ ለሜዳ እንዲለቅ መጠበቅ አይገባም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው መደራደር ነው። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማለዳ ብቻ ቢሆን፣ ቀናቱም በአካባቢው ወላጆች ማሳ ከማይገቡባቸው ቀናት ጋር ቢገጣጠሙ፣ ሥራውም ልምምዱም ይተርፋል። በዚህ ምክክር ወላጅ ቡድኑን ያውቃል፤ አሠልጣኙም ልጁ ከየት እንደሚመጣና በምን መንገድ እንደሚመለስ ይረዳል። ሜዳውን በሰላም ለቆ በመንገድ ላይ ጎርፍ የሞላ ወንዝ የሚሻገር ልጅ ደኅንነቱ ተጠብቋል ማለት አይቻልምና።

ይህ ሁሉ ለእግር ኳስ ብቻ የሚነገር አይደለም። ነጎድጓድ ሲሰማ ከማሳ መውጣት፣ ከነጠላ ዛፍና ከሽቦ አጥር መራቅ፣ እረኛውን ከብት መሐል ከመቆም መከልከል ለአርሶ አደሩም እኩል ይሠራል። ልጆች በሜዳ የተማሩትን ወደ ማሳ ይዘው ይሄዳሉ፤ ቤተሰብንም ያስተምራሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ፊሽካና ቁልፍ ዛሬ መዘጋጀታቸው ነገ ሊመጣ ከሚችለው ሐዘን ጋር ሲነጻጸር ምንም ወጪ አይደለም።

ዝናቡ በየዓመቱ ይመጣል፤ መምጣቱም ሊወደድ ይገባል። ልጆቹም በየዓመቱ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ይህም እንዲሁ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ግን በእያንዳንዱ ሜዳ ፊሽካውን የሚነፋው ሰው ማን እንደሆነ፣ በሩ የሚከፈተው ክፍልም የትኛው እንደሆነ ከወዲሁ መታወቅ አለበት።